የሴፍቲኔት ብር በገበሬው ጓዳ

ገጠሩ ባጭሩ ሴፍቲኔት የሚለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ለሚገጥማቸው፣ ማለትም ያመረቱት እህል እስከ ቀጣዩ መኸር ለማያደርሳቸው ቤተሰቦች፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል መደበኛ ድጋፍ የሚሰጥ፣ በመንግሥትና በለጋሾች የጋራ ወጪ የሚካሄድ ሥርዓት ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይተላለፍና ስንዴው ከባሕር ማዶ ተጭኖ ወረዳ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይጨርስ ነበር። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ለእርዳታ ከተዳረገ በኋላ፣ የሚራበው ቤት በየዓመቱ አንድ ከሆነ እርዳታውም ሳይራብ በፊት ቀን ሊቆረጥለት ይገባል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ።

ተጠቃሚዎች የሚለዩት በቀበሌው በሚቋቋም የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። የመሥራት አቅም ያለው ሰው የሚገኝበት ቤት በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሥራ የማይችሉ ሕሙማን ግን ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው መንገድ ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል። ስሌቱ በነፍስ ወከፍ ሆኖ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይያዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ስለነበር፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኝ ነበር፤ የልጆቹን ቀን ሠርተው የሚሞሉት ወላጆች ናቸው።

ይህ ገንዘብ ያኔም ቢሆን ማንንም ባለጠጋ አያደርግም ነበር። ጉልበቱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። በሰኔ ጎተራው ይጠረጋል፣ ገበያ ላይ እህል ይወደዳል፣ የተቸገረው ሁሉ ፍየሉን ስለሚያወጣ ደግሞ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ድሀው ሲሸጥም ሲገዛም የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ፍየሏ፣ ቀጥሎ ጊደሯ፣ በመጨረሻ በሬው ይሄዳል። ነጠላ በሬ ያለው ገበሬ ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ፣ ማለትም በሬዎቻቸውን በማጣመርና በተራ በማረስ፣ መሬቱን ሊያርስ ይችላል፤ ያንኑ አንዱን ከሸጠ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ስለሚያጣ፣ የከርሞው ረሃብ በዘንድሮው ገበያ ተዘራ ማለት ነው። ጥቂት ቁና እህል፣ ጨውና ሳሙና የሚገዛ ብር በዚህ ሰዓት እጅ ላይ ከተገኘ ፍየሏ ከደጅ አትወጣም፣ ለዘር የተቀመጠውም ጤፍ ወደ ምጣድ አይሄድም፤ ባለሱቁም ቢሆን ክፍያ እንደሚመጣ ሲያውቅ ዱቤ ለመስጠት እጁ አያጥርም።

በፕሮግራሙ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ክፍያው በተሟላበት ስፍራ ቤተሰቦች የሚቸገሩባቸው ወራት ማጠራቸውንና በችግር የሚሸጠው ጥሪት መቀነሱን አሳይተዋል። ብር ያገኘ ገበሬ ሥራ ይጠላል የሚለው ከከተማ የሚሰማ ሥጋት በአመዛኙ ማስረጃ አላገኘም። በልጆች የሰውነት ዕድገት ላይ የታየው ለውጥ ግን ከተጠበቀው በታች ነው፤ የሕፃን ምግብ ከእህል ሌላ ወተት፣ እንቁላል፣ ንጹሕ ውሃና የእናት ፋታ ስለሚፈልግ ይህ ብዙ ሊያስገርም አይገባም።

ገንዘብ ግን እንደ ስንዴ ኪሎው አይጸናም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር ቢያድግም ገበያውን ሊደርስበት ስላልቻለ፣ ቀድሞ ብርን ይመርጡ ከነበሩት ብዙዎቹ እህል ይሰጠን ማለት ጀመሩ። ክፍያው ሲዘገይም ጥቅሙ ይሟሟል፤ ለግንቦት የታሰበ ብር ነሐሴ ላይ ቢደርስ የሚከፍለው የአራጣ ዕዳ እንጂ የሚያድነው በሬ አያገኝም።

ፕሮግራሙ ሲነደፍ አብዛኛው ተጠቃሚ በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሪት አፍርቶ ይመረቃል፣ ከድጋፉ ይወጣል ማለት ነው፣ ተብሎ ተስፋ ተጥሎ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን በየምዕራፉ እየታደሰ ቀጠለ። ምረቃ የሚለው ቃል ራሱ በትምህርት ቤት እልል የሚያሰኘውን ያህል በቀበሌ ስብሰባ አያስደስትም፤ በብድር የተገዛ በሬ በረት ውስጥ ከታየ ከጥሪት ሊቆጠር ይችላልና፣ ዕዳውን ያልጨረሰው አባወራ ስሙ ከተመራቂዎች ጋር እንዳይጠራ ይሠጋል።