የመንዝ በግና በሕዋሱ ውስጥ ያለው ጽሕፈት

ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበትና በልጉ በሚቀርበት ዘመን እንኳ ከባለቤቱ ጋር ችግሩን ችሎ የሚያልፈው እንስሳ በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ላቱ ስብ የያዘ፣ ጸጉሩ ግን እንደ ቆላው በግ ልሙጥ ሳይሆን ረዘም ያለና ሻካራ ነው፤ ይህም ጸጉር ተሸልቶ፣ ተነድፎና ተፈትሎ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ፣ ባናና ዝተት፣ ጥቁሩም በርኖስ እየሆነ የደጋውን ሰው ከብርድ ሲጠብቅ ኖሯል።

ከዚህ በግ ጀርባ አንዲት ጸጉር ይዞ ሳብ ያደረገ ሰው፣ ከሥሯ ተጣብቃ የምትወጣ ትንሽ ነጭ እብጠት ያያል። ጸጉሩ ራሱ ሙት ሲሆን እብጠቷ ግን ሕያዋን ሕዋሳት የተከማቹባት ናት፤ በያንዳንዱም ሕዋስ አስኳል ውስጥ፣ 27ቱ ከአባት፣ 27ቱ ከእናት የተወረሱ 54 ክሮሞዞሞች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጥቅሉ ተፈትቶ ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስሙም ዲኤንኤ ነው። በዚህ ረቂቅ ፈትል ላይ የሰፈሩት ፊደላት አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የሚባሉ አራት ብቻ ናቸው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሰው አራት ፊደል ምን ይጻፍበታል ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንዱ ወላጅ ብቻ የተወረሰው ጽሕፈት ከ2 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ፊደል የሚበልጥ ነውና፣ የመልእክቱ ብልጽግና ከፊደሉ ዓይነት ሳይሆን ከአሰላለፉ የመጣ ነው።

ፈትሉም ነጠላ አይደለም። ሁለት ሰልፎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው የቆሙ ሲሆን፣ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒንም ከሳይቶሲን ጋር እንጂ ከሌላ አይጣመርም። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በካምብሪጅ ሆነው፣ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ጥናት ካስገኛቸው የኤክስሬይ ሥዕሎች ብርቱ እርዳታ አግኝተው፣ ይህን ቅርጽ በሚያዝያ 1945 ዓ.ም. ለዓለም ሲገልጡ፣ አንደኛው ሰልፍ ከታወቀ ሁለተኛውን መሙላት እንደሚቻል፣ የመባዛቱም ምሥጢር በዚሁ ጥምረት ውስጥ እንዳለ አመለከቱ። ፍራንክሊን በ1950 ዓ.ም. በወጣትነቷ አርፋ ስለነበር፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለዚህ ግኝት የተሰጠው የኖቤል ሽልማት አልደረሳትም።

በገዳም ተቀምጦ ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ፣ የሚገለብጠውን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ሥራውን ሲፈጽም፣ አሮጌው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ አሮጌ፣ አዲሱም ሙሉ በሙሉ አዲስ ሆነው በየማኅደራቸው ይቀመጣሉ። ሕዋስ ግን እንዲህ አያደርግም። ጥንዱን ለሁለት ይከፍላል፤ ለያንዳንዱ አሮጌ ሰልፍ አዲስ ጓደኛ ይጽፍለታል፤ በፍጻሜውም የሚገኙት ሁለት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ናቸው። ይህን ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል በ1950 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አረጋገጡት፤ ባክቴሪያዎችን በከባድ ናይትሮጅን ካሳደጉ በኋላ ወደ ቀላሉ ናይትሮጅን ቢያዛውሯቸው፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የተገኘው ዲኤንኤ ከባድም ቀላልም ሳይሆን ክብደቱ በሁለቱ መካከል ሆነ። በአሠራሩ ቅለትና በመልሱ ጥራት ከዚህ የሚበልጥ ሙከራ በሥነ ሕይወት ታሪክ ብዙ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግልበጣውን የሚፈጽሙት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሄሊኬዝ የተባለው ጥምሩን ይፈታል፤ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ደግሞ በየፊደሉ ፊት ለፊት ተገቢውን ጓደኛ እያመጣ ይደረድራል። ይህ ኋለኛው ወደ አንድ አቅጣጫ እንጂ ወደ ሌላው መጻፍ አይሆንለትም፤ ሁለቱ ሰልፎች ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸውና፣ በአንደኛው ላይ ሳያቋርጥ ሲነጉድ በሌላው ላይ እየተመለሰ ቁርጥራጭ ይጽፋል፤ ቁርጥራጩንም ላይጌዝ የተባለ ኢንዛይም ይቀጥለዋል። ቁርጥራጮቹ ባገኟቸው ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ በሬይጂና በጹኔኮ ኦካዛኪ ስም ይጠራሉ። ፍጥነቱ በአጥቢ እንስሳት በሴኮንድ 50 ፊደል ገደማ ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ቢጀመር ረጅሙን ክሮሞዞም መገልበጥ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ በብዙ ሺህ ቦታ ስለሚጀመር ግን ሁሉም በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

ስሕተት ፈጽሞ አይጠፋም። ፖሊመሬዝ የተሳሳተ ፊደል ባስገባ ጊዜ ብዙውን ወዲያው ፍቆ ያርማል፤ ያመለጠውንም ሌሎች አራሚዎች ይለቅሙታል፤ በመጨረሻ የሚተርፈው ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። ይህ ትራፊ በዘር ሕዋስ ውስጥ ከተገኘ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አንዳንዱ ይጎዳል፣ የሚበዛው ምንም አያደርግም፣ ጥቂቱም ይጠቅማል። የደጋውን በግ ከቆላው የለየው የዘር ልዩነት መነሻው ይኸው ነው።

ለእኔ ግን ከመገልበጡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማንበቡ ነው። የበጉ የጉበት ሕዋስና የቆዳው ሕዋስ አንዱን መጽሐፍ ሙሉውን ይዘዋል፤ ጉበቱ ጸጉር የማያበቅለው፣ ቆዳውም ሐሞት የማያመነጨው ጽሕፈቱ ጎድሏቸው ሳይሆን፣ ለያንዳንዳቸው የተከፈተው ምዕራፍ የተለያየ ስለሆነ ነው። ፕሮቲን የሚያሠራው የጽሕፈቱ ክፍል ጂን ወይም ዘረመል ይባላል፤ በበግ ውስጥም ቁጥሩ 20 ሺህ ያህል ነው። ዘረመሉ ሲነበብ መጽሐፉ ከአስኳሉ አይወጣም፤ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የተባለ ኢንዛይም፣ አርኤንኤ በሚባል ነጠላ ሰልፍ ቅጂ ያወጣለታል፤ ከቅጂውም ለፕሮቲኑ የማያስፈልገው መካከለኛ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ተቀጥሎ ከአስኳሉ ውጭ ይላካል። በዚያ ራይቦዞም የተባለው የፕሮቲን መሥሪያ ተቀብሎ ሦስት ሦስት ፊደል እየለየ ያነበዋል። አራቱ ፊደላት ሦስት ሦስት ሆነው ሲሰለፉ 64 ቃላት ይሰጣሉ፤ 61ዱ ፕሮቲን የሚገነባበትን ሃያውን ዓይነት አሚኖ አሲድ የሚጠሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ የንባቡን ፍጻሜ ያመለክታሉ።

በጸጉሯ ሥር ባለችው እብጠት ውስጥ በብርቱ የሚነበቡት ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረመሎች ናቸው። ሕዋሳቱ በኬራቲን ተሞልተው ይደርቃሉ፣ ይሞታሉ፣ ከታች በሚወለዱት አዳዲሶች እየተገፉም ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሸላቹ በመቀስ የሚቆርጠው እነዚህን ሙታን ነው። በበግ ጸጉር ኬራቲን ውስጥ ሲስቴይን የተባለ፣ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ይበዛል፤ ድኙ ከድኙ ጋር እየተያያዘ ጸጉሩን ያጠነክረዋል፤ የዝተቱ ጫፍ እሳት ሲነካው ቤቱን የሚሞላው ሽታም ከዚሁ ድኝ የተነሣ ነው።

ስለ ቀለሙ የሚነገረው ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነው። የጸጉር ቀለም ሜላኒን ከተባለ ነገር የሚገኝ ሲሆን፣ አንዱ ዓይነት ጥቁር፣ ሌላው ወደ ቀይና ብጫ የሚያደላ ነው፤ አጉቲ የተባለው ዘረመል ሲነበብ የሚሠራው ፕሮቲን የጥቁሩን መሠራት ያግዳል። በ2000 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳስታወቁት፣ በነጫጭ በጎች ውስጥ ይህ ዘረመል ተደግሞ የተጻፈ ሆኖ፣ ከትርፉ ቅጂ ፊት የሌላ ዘረመል ማዘዣ ስለ ገባ ያለ ዕረፍት ይነበባል። ስለዚህ ይህን ትርፍ ጽሕፈት ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ በግ ነጭ ይሆናል፤ የተበላሸውን አጉቲ ከሁለቱም የወረሰ ግን ጥቁር ይወጣል። ነጭ አውራ ከነጭ እናት ጥቁር ግልገል ሲያስወልድ፣ ባለቤቱ የጎረቤት አውራ ጥሶ ገብቷል ብሎ ይጠረጥር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ነጮች የጥቁሩን ጽሕፈት ሳይታይባቸው ተሸክመውት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከሚወልዷቸው አራት አንዱ ጥቁር የመሆን ዕድል አለው። ጥቁረት በሌላ ዘረመል በኩል የሚመጣበትም ጊዜ አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ያዕቆብ የተላጡ በትሮችን በማጠጫው ገንዳ አቁሞ ዝንጉርጉር መንጋ ማግኘቱ ተጽፏል፤ በምዕራፍ 31 ግን እንስቶቹን የሚሰርሩት አውራዎች ራሳቸው ዝንጉርጉር መሆናቸውን በሕልም ማየቱ ይነገራል። የዛሬው የሥነ ዘር ሊቅ ከበትሩ ይልቅ ሕልሙን ይመርጣል።

የመንዝን በግ ዘር ለማሻሻል፣ ከውጭ የመጣውን የአዋሲ በግ ከመንዙ ጋር የማዳቀል ሥራ ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል። እኔ የማደላው ግን ወደ ሌላው መንገድ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ገደማ፣ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ ከተባለው የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በቪየና ካለው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በመንዝ ገበሬዎች ማኅበር አማካይነት ባገሩ በግ ላይ የጀመረው የአውራ ምርጫ ነው። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ የእናቶቻቸው ታሪክ ይመዘገባል፣ ባለቤቶቹም ተሰብስበው ይመርጣሉ፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ለገበያ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ፊደሉ ሳይሆን የንባቡ ውጤት ነው፤ አውራው ለያንዳንዱ ግልገል ከ54ቱ ክሮሞዞሞች 27ቱን ብቻ፣ ያውም በየጊዜው እየለዋወጠ ስለሚያወርስ፣ የአንድ አባት ልጆች በክብደትም በጸጉርም ይለያያሉ፤ ምርጫው በየትውልዱ መደገሙም ስለዚህ ነው። የተመረጠው አውራ በማኅበሩ መንጋ ጥቂት ካገለገለ በኋላ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይገናኝ ወደ ሌላ መንጋ ሊዛወር ይገባል፤ በጽሕፈቱ ውስጥ የተሰወረ ጉድለት ካለ፣ ያው ጉድለት በአባትም በእናትም በኩል በአንድ ግልገል ላይ ሊገናኝ ይችላልና።