ክራቶም፦ «ተመርምሯል» ሲባል ማን መረመረው?

ክራቶም በታይላንድ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የሚበቅል፣ ከቡና ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ዛፍ ነው። የአካባቢው ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ድካም ለማባረር ቅጠሉን ሲያኝኩ ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን በዱቄት፣ በካፕሱልና በትንንሽ ጠርሙስ ታሽጎ በየነዳጅ ማደያው ሱቅ ይሸጣል። ሕመም ለማስታገስ ወይም ከኦፒዮይድ ሱስ ለመላቀቅ የሚወስዱት ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚውጡት ምን እንደሆነ ከሽያጭ በፊት እንዲመረመር የሚያስገድድ የፌዴራል ሥርዓት ግን የለም።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዲህ ነው። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ ክራቶምን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ሊያስገባው መሆኑን አስታወቀ፤ የሕዝብ ተቃውሞ ሲበረታበት በጥቅምት ሐሳቡን አነሳ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) ደግሞ መድኃኒት ነው ብሎ አላጸደቀውም፣ በተጨማሪ ምግብነትም አይቀበለውም። ስለዚህ ቅጠሉ በአገር ደረጃ ሳይታገድም ቁጥጥር ሳይበጅለትም ቀረ። ግዛቶች በየፊናቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ አገዱት፣ ሌሎች ደግሞ በ2019 ቀዳሚ የሆነችውን ዩታን ተከትለው የሸማች መጠበቂያ ሕግ አወጡ።

የምርመራ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል በ2018 በግልጽ ታየ። በሳልሞኔላ የተበከለ ክራቶም በ41 ግዛቶች 199 ሰዎችን አሳመመ። ኤፍዲኤም አንድ የላስ ቬጋስ ኩባንያ ምርቱን ከገበያ በፈቃዱ አልሰበስብም ሲለው፣ በታሪኩ የመጀመሪያውን የግዴታ መሰብሰቢያ ትእዛዝ ሰጠ። ቀጥሎ 30 ምርቶችን አስመርምሮ ሊድና ኒኬል የተባሉ ከባድ ብረቶች በአሳሳቢ መጠን መገኘታቸውን ገለጸ። ሊድ በአንድ ቀን አይጥልም፤ የሚጎዳው እየተጠራቀመ ነው። በግራም 1 ማይክሮግራም ሊድ ያለበትን ዱቄት በቀን 10 ግራም የሚወስድ ሰው 10 ማይክሮግራም ወደ ሰውነቱ ያስገባል። የአሜሪካ የመድኃኒት ደረጃ መዳቢ ድርጅት በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 5 ማይክሮግራም ነው።

ከሁሉ የከፋው ሆን ተብሎ የሚቀላቀለው ነገር ነው። ስዊድን ውስጥ «ክሪፕተን» በሚል ስም ይሸጥ ከነበረ ምርት ጋር የተያያዙ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል። በሟቾቹ ደም ውስጥ ከክራቶሙ ንጥረ ነገር ጋር፣ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ወደ ሰውነት ሲገባ የሚለወጥበት ኃይለኛ ውሕድ ተገኘ። ይህ ውሕድ ከቅጠሉ አይወጣም፤ ሰው የጨመረው ነው።

ብዙ ሻጮች ዛሬ «በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረ» ብለው ይለጥፋሉ። ጥሩ ላቦራቶሪ ሦስት ነገር ያያል፦ የባክቴሪያና የሻጋታ ብክለትን፣ ከባድ ብረቶችን፣ በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ንቁ ንጥረ ነገሮች (አልካሎይዶች) ዓይነትና መጠን። መሣሪያው አለ፣ አይኤስኦ 17025 የተባለው የብቃት መለኪያም አለ። ችግሩ ያለው ናሙናው ላይ ነው። ናሙናውን መርጦ የሚልከው ሻጩ ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው፤ ውጤቱ ካልጣመው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መሄድ ይችላል። ተፈታኙ ፈታኙን የሚመርጥበት ፈተና ማለት ነው። ደግሞም የአንዱ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ዕቃ) ውጤት ስለ ሌላው ባች አይመሰክርም። እኔ ገለልተኛ የምለው ምርመራ፣ ከሻጩ ጥቅም የሌለው ሰው ከመደርደሪያው ላይ ራሱ ያነሳው እሽግ ሲመረመር ነው።

የአልካሎይዶቹን መጠን መለካትም የግድ ነው። 7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን የተባለው አልካሎይድ በደረቅ ቅጠል ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። አሁን ግን ለብቻው ተለይቶና መጠኑ ከፍ ተደርጎ በእንክብል ይሸጣል፤ ኤፍዲኤም በሐምሌ 2025 ይህ ውሕድ በቁጥጥር ሥር እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል። ክራቶሙ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሱስ ማስያዙን፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱን ወይም ጉበት መጉዳቱን የትኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት አይነግረንም።

አሜሪካ ውስጥ በነዳጅ ማደያና በሰፈር ሱቅ የምትሠሩ ወይም ሱቁ የራሳችሁ የሆነ ወገኖቼ፣ ይህ ጉዳይ በእጃችሁ ያልፋል። አከፋፋዩን የዚያኑ ባች ውጤት ጠይቁት፤ በእሽጉና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ላቦራቶሪው ዘንድም ደውሉ። ማሳየት ካልቻለ ዕቃውን መልሱለት።