በእጅ በተዘጋጀ መስታወት ሆሎግራም መቅረጽ፦ ለጎንደር አድባራት ቅርሶች ያለው ዕድልና ገደብ

መግቢያ

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የሚገኙ አድባራት የመጾር መስቀሎችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ቅዱሳት ሥዕላትን ጠብቀው አቆይተዋል። እነዚህን ቅርሶች ለጥናት ወይም ለዕይታ ከቦታቸው ማንሳት ግን ሁልጊዜ ስጋት አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ያጋዟቸው ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1868 ለብሪታንያ ጦር ዘረፋ ተጋልጠው በርካቶቹ ባሕር ተሻግረዋል። ሆሎግራም የአንድን ዕቃ መልክ ከነጥልቀቱ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ዕቃው ከደብሩ ሳይወጣ ምስሉን ለተመልካች ማድረስ ያስችላል። ይህ ጽሑፍ ብርሃን ተቀባዩ መስታወት በአነስተኛ ክፍል ውስጥ እንዴት በእጅ እንደሚዘጋጅና የትኛው ቅርስ ለዘዴው እንደሚስማማ ያብራራል።

የቀረጻው መርሕ

ተራ ፎቶግራፍ የብርሃንን ብርታት ብቻ ይመዘግባል፤ ሆሎግራም ግን ሞገዱ የደረሰበትን ደረጃ ጭምር ይይዛል። የሐሳቡን መሠረት ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። ለአነስተኛ ክፍል የሚስማማውን ስልት ደግሞ ዩሪ ዴኒስዩክ እ.ኤ.አ. በ1962 አስተዋወቀ። በዚህ ስልት የሌዘሩ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ከዕቃው የሚመለሰው ብርሃን ከመጪው ጋር በመስታወቱ ልባስ ውስጥ ይገናኛል። ከዚህ ግንኙነት የሚፈጠሩት ንብርብሮች፣ 633 ናኖሜትር ርዝመት ባለው ቀይ ብርሃን፣ እርስ በርስ የሚራራቁት በ210 ናኖሜትር ገደማ ነው። የተጠናቀቀው ሆሎግራም በፀሐይ ብርሃን ይታያል፤ ሌዘር የሚያስፈልገው ለቀረጻው ብቻ ነው።

መስታወቱን ማዘጋጀት

የተለመደው ፊልም የብር ቅንጣቶች ለእነዚህ ንብርብሮች እጅግ ትልልቅ ናቸው። ጄፍ ብላይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት የስርገት ዘዴ ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሰጣል። በመጀመሪያ በንጹሕ መስታወት ላይ ስስ የጄላቲን ልባስ ይፈስና ይደርቃል። ቀጥሎ የሲልቨር ናይትሬት ሙሙት ወደ ልባሱ እንዲሰርግ ተደርጎ ትርፉ ይጠረጋል። ከደረቀ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ የብሮማይድ ጨውና ለቀይ ብርሃን ንቁ የሚያደርግ ቀለም ባለበት ሙሙት ውስጥ ይነከራል። ብሩና ብሮማይዱ የሚገናኙት በጄላቲኑ ጠባብ መረብ ውስጥ በመሆኑ ቅንጣቶቹ እንዳያድጉ ይገታሉ። ከቀረጻ በኋላ መስታወቱ እንደ ፊልም ይታጠባል።

ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፤ ዓይንንም ይጎዳል። ስለዚህ ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ ናቸው። በትርፍ ሙሙቱ ውስጥ የቀረው ብር ወደ ፍሳሽ ከመለቀቁ በፊት በገበታ ጨው እንዲዘቅጥ ተደርጎ መሰብሰብ አለበት።

የቅንጣቱ ማነስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር መስታወቱ ለብርሃን ያለው ንቃት ይቀንሳል፤ ቀረጻውም ሰከንዶች ይፈጃል። በእነዚያ ሰከንዶች ዕቃው የሞገዱን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 60 ናኖሜትር ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። ከጣውላ ወለል ይልቅ መሬት ላይ ያረፈ የድንጋይ ወለል፣ ከቀን ይልቅም የሌሊት ጸጥታ ተመራጭ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

የሚስማማው ቅርስ

ከዚህ አንጻር የነሐስ የመጾር መስቀል እጅግ ተስማሚ ነው፦ ግትር ነው፣ ብርሃን በሚገባ ይመልሳል፣ ወደ መስታወቱም ሊጠጋ ይችላል። የብራና መጽሐፍ በአንጻሩ አይመችም። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በአጠገቡ የቆመ ሰው ትንፋሽ እንኳ ቀረጻውን ለማበላሸት ይበቃል።

የመስታወቱ ልባስም ከዚህ ጠባይ ነጻ አይደለም። ጄላቲን ብራናው ከተሠራበት ቆዳ ከሚገኘው ኮላጅን የሚወጣ ነውና። በክረምት እርጥበት ሲያብጥ ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፤ የምስሉም ቀለም ይለወጣል። ስለዚህ ሥራው በበጋ ወራት ቢከናወን፣ የተጠናቀቀው ሆሎግራምም በሌላ መስታወት ተሸፍኖ ጠርዙ ቢታሸግ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

በአንድ ሌዘር የተቀረጸ ሆሎግራም አንድ ቀለም ብቻ ያለው በመሆኑ የቀለም ፎቶግራፍንና ልኬትን አይተካም። ይሁን እንጂ የመስቀሉን ቅርጽ፣ የቅርጻ ቅርጹን ጥልቀትና የዘመናት ጭረቱን በአንድ መስታወት ላይ አኑሮ ያሳያል። በደብሩ አስተዳደር ፈቃድና በዕቃ ቤት ጠባቂው ፊት ከተሠራ፣ መስቀሉ ከአገልግሎቱ ሳይለይ ምስሉ ወደ ተማሪውና ወደ ተመራማሪው ሊሄድ ይችላል።