ለሰም ብል የተረፈ እንጀራ

ጎጃም ውስጥ አንድ ግቢ ያየሁት ዘመናዊ ቀፎ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ክዳኑ ሲነሣ ንብ የለም። ፍሬሞቹ በነጭ ድር ተሳስረዋል፤ የጠቆረው የማር እንጀራ ተቦርቡሮ ረግፏል፤ እንጨቱ ላይ ሳይቀር ትሎቹ ተጠቅልለው የተኙበት ጎድጓዳ ቀርቷል። ባለቤቱ «ብሉ ንቤን አባረረብኝ» አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩት ጎረቤታቸው አልተስማሙም። «ልጄ፣ ብል ሌባ ነው እንጂ ሽፍታ አይደለም። ባለቤት ያለበት ቤት አይደፍርም።»

እውነታቸውን ነው። ሴቷ ብል በሌሊት ሾልካ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል በየስንጥቁ ትጥላለች። የበረታ መንጋ የተፈለፈለውን ትል እየጎተተ ያወጣዋል፤ ረሃብ፣ የፀረ ተባይ ርጭት ወይም የንግሥት ሞት ያመነመነው ግን አቅም ያጣል። የአገራችን ንብ ደግሞ ሲከፋት መኮብለል ታውቅበታለች።

ትሉ በነጭ ሰም ብቻ አይፋፋም፤ የሚፈልገው እጭ ያደገበትን ጥቁር እንጀራ ነው። ጉድ ፍጥረት ነው። ስፔን፣ ሳንታንዴር ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ፌዴሪካ ቤርቶኪኒ ከቀፎዋ የለቀመችውን ትል ፌስታል ውስጥ ብታስቀምጠው ፌስታሉን በስቶ ወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ግኝቱን አሳተመች፤ ዛሬ ምራቁ ለፕላስቲክ ማስወገጃ ይጠናል። ብሉም ቢሆን እስከ 300 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ የሰው ጆሮ 20 ላይ ያበቃል። ወደ ቀፏችን ልመለስ።

ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ እንጀራው ከነማሩ ይወጣል፤ ሰፈፉ ለጧፍ ይሄዳል፤ ለብል የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዘመናዊው ግን ማሩ ተጣርቶ እንጀራው ይመለሳል። ትርፉም ጣጣውም እሱ ነው፤ ባዶው እንጀራ ጨለማ ጓዳ ተደርድሮ ይከርማል። «ቀፎውን ሰጡን፤ እንጀራውን የት እንደምናስቀምጥ ማን ነገረን?» ይላሉ አዛውንቱ ጎረቤት። ጥያቄያቸውን ለአንድ የወረዳ ኃላፊ ወሰድኩት። «በደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ፤ መልስ የለም።

አዛውንቱ ባዶ ቀፎ በወይራና በጥንጁት ያጥናሉ፣ ስንጥቁን በእበት ይመርጋሉ። መንጋው ሲያንስ መግቢያውን ያጠባሉ። «ለሁለት ሰው አዳራሽ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። የጠቆረውን እንጀራ በየዓመቱ ያቀልጡታል፤ የቀረውን ብርሃንና ነፋስ በሚያገኘው ሰገነት ላይ አራርቀው ይሰቅሉታል፤ ብል ሁለቱንም አይወድም። ፍሪዘር ያለው ሰው እንጀራው እስከ ውስጡ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 2 ሰዓት ቢያቆየው እንቁላሉም ያልቃል። ብል ለማባረር የሚጨመር ናፍታሊን ግን ሰሙ ውስጥ ገብቶ ማሩን ይበክላል፤ ገዢ ሲመልሰው ኪሳራው የገበሬው ነው።

ቀፎ ያላችሁ፣ የኅዳሩን ማር እንደቆረጣችሁ ንብ ያልሸፈነውን እንጀራ በዚያው ቀን አውጡት።