በሰሜን ሐይቆች ወለል የተቀበረው ካርቦን

ኮምፖስት አዘጋጅቶ የሚያውቅ አርሶ አደር ክምሩን ለምን እንደሚያገላብጥ አይጠፋውም። ቅጠሉና ገለባው ቶሎ እንዲበሰብስ ከእርጥበት በተጨማሪ ሙቀትና አየር ያስፈልገዋል። እርጥበቱ ኖሮ ሙቀቱና አየሩ ቢጓደሉ መበስበሱ እጅግ ይዘገያል። በፊንላንድ፣ በስዊድንና በካናዳ ሐይቆች ወለል ላይ ለሺህ ዓመታት የሆነውም ይኸው ነው።

አብዛኞቹ ሐይቆች የተፈጠሩት ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምድሩን የሸፈነው ግግር በረዶ ሲያፈገፍግ ነው። በፊንላንድ ብቻ ትንንሾቹን ጨምሮ 188 ሺህ ያህል ይቆጠራሉ። ከደኑ ቅጠል፣ ከረግረጉም ውኃውን እንደ ሻይ የሚያጠቁር ብስባሽ ይገባባቸዋል። ዕፅዋት በሕይወት ሳሉ ከአየር የወሰዱት ካርቦን በዚህ ብስባሽ ውስጥ አለ። ከፊሉ ወለል ሳይደርስ ተብላልቶ ወደ አየር ይመለሳል፤ የተረፈው ሰጥሞ በአዲስ ደለል ይሸፈናል። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ኦክስጅንም ከደለሉ ስስ የላይኛው ንብርብር አልፎ አይዘልቅም። ስለዚህ አብላዪ ተህዋስያን ሥራቸው ይጓተታል።

በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት በፊንላንድ ሐይቆች ደለል ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ 19 ኪሎ ግራም፣ በድምሩ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንዳለ ገምቷል። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም በ10 ሺህ ዓመት ሲካፈል በካሬ ሜትር በዓመት ሁለት ግራም ገደማ ነው። ሐይቆቹ በየዓመቱ ወደ አየር የሚለቁት ካርቦን ከሚቀብሩት ይበልጣል። ስለዚህ «ሐይቅ አየር ያጸዳል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቁም ነገሩ የተቀበረው እንደተቀበረ መቆየቱ ላይ ነው።

ሙቀት ሲጨምር ግን ተህዋስያኑ ይነቃቃሉ። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት በሰሜኑ የደን ቀጠና ሐይቆች በየዓመቱ የሚቀበረው ካርቦን እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ከ4 እስከ 27 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል።

ሌላው አደጋ ሐይቅን ማጠንፈፍ ነው። በምሥራቅ ፊንላንድ መሬት ለማግኘት ሲባል የሆይቲያይነን ሐይቅን ውኃ የሚቀንስ ቦይ ተቆፈረ። በ1859 ግድቡ ተደርምሶ ውኃው 9 ሜትር ተኩል ያህል ወረደ፤ 170 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬትም ተገለጠ። በጣና ዳርቻ ባሕር ሸሽ ለሚያርሱ ወገኖች የእንዲህ ያለው መሬት ፍላጎት እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን አየር ያገኘ ብስባሽ ደለል እንደተገላበጠ ኮምፖስት ነው፤ ካርቦኑ ወደ አየር መውጣት ይጀምራል።

የፊንላንዱን 19 ኪሎ ግራም ወስዶ ለጣና ማስላት አይቻልም። ጣና በረዶ አይጋገርበትም፤ ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ በመሆኑም ነፋስ ውኃውን ያማስለዋል። ወንዞቹ የሚያስገቡበት ደለልም በአብዛኛው የደን ብስባሽ ሳይሆን በክረምት ጎርፍ ከማሳ የታጠበ አፈር ነው።