ግምጃ ቤት፥ ኮሶ በር፥ አዲስ ቅዳሜ፤ በአዊ አገር ስለ ገበያ፥ ስለ ደብርና ስለ ሰፈር

አንድ ከተማ እንዴት እንደ ተቆረቆረ የሚያስረዳ ጽሑፍ በእጅ ባልተገኘ ጊዜ፥ ተመራማሪው ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ብዙ ይጠቀማል የሚል አስተያየት አለን። ይኸውም ደብሩ የት ነው፥ ገበያው የት ይውላል፥ ሰፈሩስ በምን ስም ይጠራል የሚሉት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን በአዊ አገር በግምጃ ቤትና በአካባቢዋ የሚታየውን ጥቂት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ እንጅባራን፥ አዲስ ቅዳሜንና ዳንግላን ያገናኛል። ግምጃ ቤት ግን ከዚህ መንገድ ወጣ ብላ በአንከሻ ምድር የምትገኝ ናት። እንጅባራ ኮሶ በር ተብላም ትጠራለች። ስሞቹን ብቻ ቀርቦ ለሚመለከት ሰው እያንዳንዱ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ኮሶ በር ዛፍንና መተላለፊያን፥ አዲስ ቅዳሜ የገበያን ቀን፥ ግምጃ ቤትም የንብረት ማስቀመጫን ያመለክታሉ። (ኮሶ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ምን ያህል ባለውለታ እንደ ነበረ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።)

ግምጃ በጥንቱ አነጋገር ከባሕር ማዶ የሚመጣ የከበረ ልብስ ነው። ነገሥታትና አድባራት ይህን የመሰለውን ንብረት የሚያስቀምጡበት ቤት ግምጃ ቤት ተባለ፤ በጎንደርም ግምጃ ቤት ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን መኖሯ የታወቀ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የአንከሻዋ ግምጃ ቤት የንጉሥ ሀብት የተከማቸባት ነበረች ብሎ ለመደምደም ብዙ ሰው ይቸኩላል። እኛ ግን በስም ብቻ ታሪክ አይቆምም እንላለን። በማስረጃ የተረጋገጠው አገሪቱ ባለጸጋ እንደ ነበረች ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጀምስ ብሩስ፥ አገዎች ለጎንደር ከብት፥ ማር፥ ቅቤ፥ ስንዴ፥ ቆዳና ሰም ያቀርቡ እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ የጎንደር ከተማ ማዕድና መብራት ከዚህ ምድር ጋራ የተያያዘ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ስሞች የአማርኛ ናቸው፤ የአገሩ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን አውንጊ ነው፤ ይኸውም ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሆነው የደቡብ አገው ቋንቋ ነው። ስለ ግሡ ሮበርት ሄትስሮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። አንከሻ፥ ባንጃ፥ ዚገም፥ አዘና፥ ኳኩራ የሚሉት ስሞች ግን ከሌላ በኩል የመጡ ናቸው። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት አገው የሚሏቸው ነገዶች ከሰባት ወንድማማቾች የተወለዱ እንደ ሆኑ ይተርካሉ፤ ምድሪቱም በነዚያ ስም ትጠራለች። እንግዲህ የመሬቱ ስም የዘር ስም ሲሆን፥ የከተማው ስም የገበያ፥ የመንገድና የግምጃ ስም ሆነ። ከተማ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተመዘገበ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም።

እኛም በዚህ ነገር ተሳስተን ነበር። መጀመሪያ ሰዎችን የጠየቅነው በአማርኛ ነበርና በአማርኛ አጭር መልስ ተሰጠን፤ ስሙን ነግረውን ዝም አሉ። በኋላ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛችን በአውንጊ ሲጠይቅ ያው ሽማግሌ ቁጭ ብሎ፥ ይህ ቤት የማን ዘር እንደ ሆነ፥ ያ አጥር ለምን እንደ ተሻገረ እስኪመሽ አጫወተን። ያንን ሁሉ ለመጻፍ ወረቀት አልበቃንም።

ስለ ገበያው ጥቂት እንበል። በጎጃም ከሁሉ የታወቀው የጥንት ገበያ ከዓባይ ወዲህ ያለው ባሶ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጎጃምን ሲጎበኝ በዝርዝር ጽፎለታል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በዚያ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ጸሐፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ነገር ግን የአሮጌ ገበያን ውበት እያነሡ የባሪያ ንግድን መተው ትክክለኛ ጥናት አይሆንም። መገበያያውም አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር።

የዛሬው የአዊ ገበያ ሌላ ነው። ሁሉም በየተራው ነው፤ የእህሉ፥ የበርበሬው፥ የከብቱ ተራ የተለያየ ሲሆን፥ ገዢው ሳይጠይቅ በሽታው ብቻ ተመርቶ ይደርሳል። ደጋ ስለ ሆነ ድንችና ገብስ ይበዛል። እንግዳን ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቀርከሃው ነው፤ አጥሩም፥ ቅርጫቱም፥ ወንበሩም ከእርሱ ይሠራል። የፈረስ ገበያም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በያመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረሶች በዓድዋ ዘመቻ የዋሉትን ውለታ ያስባል።

ወደ ደብሩ እንመለስ። የአገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ እየተባለ በሦስት ይከፈላል። ከዚያ ውጭ ዐጸዱ፥ ከዐጸዱ ውጭ የካህናቱና የአብነት ተማሪዎች ጎጆ፥ ከዚያም የምእመናኑ ሰፈር ይከተላል። በደቡብ ሕንድ በታሚል አገር ያለችውን የማዱራይን ከተማ የተመለከተ ሰው ተመሳሳይ አሠራር ያገኛል፤ በሚናክሺ መቅደስ ዙሪያ ያሉት መንገዶች አንዱ በሌላው ውስጥ አራት ማዕዘን እየሠሩ ይዞራሉ፤ ስማቸውም አዲ፥ ቺቲራይ፥ ማሲ እየተባለ በታሚል ወሮች ይጠራል። በእኛ ዘንድ ታቦት ለጥምቀት ወደ ውሃ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚከተል፥ በዚያም ጣዖቱ በሠረገላ ሲወጣ ከተማው ይከተላል። ልዩነቱ የማዱራይ ገበያ ከመቅደሱ ደጃፍ ተጣብቆ ሲቆም፥ የእኛ ገበያ ግን ከዐጸዱ ርቆ በሜዳ መዋሉ ነው።

የጥንቱ አምልኮ ከደብር በፊት ውሃ ዳር ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ብሩስም በ1770 (ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የግሽን ምንጭ ሲያዩ፥ አገዎች በዚያ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደ ነበር ጽፈዋል።

ዛሬ እነዚህ ሰፈሮች በፍጥነት እየተለወጡ ናቸው። የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን ለቀቀ፤ ሱቁም ወደ መኪና መንገድ ዳር ሄደ። በፋግታ ለኮማ በኩል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ኮረብታውን ሸፍኗል፤ አሮጌውን ዛፍ፥ ጽዱንና ወይራውን የሚፈልግ ሰው ወደ ዐጸዱ መግባት አለበት። ዳንግላም ብትሆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺስማን የተቀመጠባት ከተማ ስለ ሆነች የውጭ ሰው ጽፎላታል፤ ግምጃ ቤት ግን ያን ያህል አልተጻፈላትም።

ስለዚህ በጀመርነው የሰፈሮች ንድፍ ላይ ለያንዳንዱ ሰፈር፥ ምንጭና የገበያ ተራ ሁለት ዐምድ አስምረናል፤ አንዱ ለአማርኛው ስም፥ ሁለተኛው ለአውንጊው። የአማርኛው ዐምድ በሁለት ቀን ሞላ። ሁለተኛው ገና ነው፤ ከአዊ አገር የመጣችሁ ተማሪዎች በዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አያቶቻችሁን በአውንጊ እየጠየቃችሁ ብትሞሉልን ወረቀቱን እናዘጋጃለን።