ቃሉን የት ላይ እንቁረጠው?



ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ገብቼ አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። መስመሩ አለቀና «ቲቸር» የሚለው ቃል አልበቃ አለኝ። እኔም «ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ» ድረስ ጽፌ «ኤች፣ ኢ፣ አር»ን ወደ ታች አወረድኳቸው። አንዲት ተማሪ አስነሥቼ ሳስነብብ የላይኛውን «ቲክ»፣ የታችኛውን «ኸር» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ ግን ያነበበችው እኔ የጻፍኩትን ነው፤ «ኸር» ራሱን የቻለ ቃል ነው፣ «የእርሷ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እጇን ማውጣት ተወች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ለምን እንዲህ እናደርጋለን? ልማዱ ከፊደላችን የመጣ ይመስለኛል። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቃሉን የትም ብንቆርጠው አንባቢ ብዙ አይቸገርም። የብራና ጸሐፊዎችም መስመር ሲሞላባቸው ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ወደ ታች ያሳልፉት ነበር፤ የቃሉን መጨረሻ የሚያሳውቀው ሁለት ነጥቡ ነውና። በእንግሊዝኛ ግን «ሲ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲሆኑ «ች» ይላሉ፤ ሲለያዩ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚቆረጠው በክፍለ ቃል ነው።

ክፍለ ቃል ማለት አንድ የአናባቢ ድምፅ ይዞ ባንድ ጊዜ የሚነገር የቃል ክፍል ነው። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም። ብርታት ማለት የሆነው «ስትሬንግዝ» በስምንት ፊደል ተጽፎ ክፍለ ቃሉ አንድ ብቻ ነው። ሐሳብ ማለት የሆነው «አይዲያ» ደግሞ በአራት ፊደል ሦስት ክፍለ ቃል አለው። «ስኩል»ን እኛ በሦስት ፊደል ስለምንጽፈው ልጆቻችን ደጋግመው ያጨበጭቡለታል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ነው። ማረጋገጥ የፈለገ መዳፉን ከአገጩ ሥር አድርጎ ቃሉን ይበል፤ ብዙውን ጊዜ አገጩ የወረደበትን ያህል ክፍለ ቃል አለ።

ሰሌዳና ደብተር ላይ የሚያገለግሉን ደንቦች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ባለ አንድ ክፍለ ቃል ቃል አይቆረጥም።

2ኛ. በሁለት አናባቢዎች መካከል ሁለት ተነባቢ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ መካከላቸው ይቆረጣል። «ሌተር» በሁለቱ «ቲ»ዎች መካከል፣ «ዊንዶው» በ«ኤን» እና በ«ዲ» መካከል ይከፈላል።

3ኛ. አንድ ድምፅ የሚሰጡ ጥንድ ፊደላት አይለያዩም። «ፋዘር» ሲቆረጥ «ቲ» እና «ኤች» አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ።

4ኛ. ቅጥያ ከሥሩ ይለያል። «ቲቸር» የሚቆረጠው ከ«ኤች» በኋላ ነው፤ «ቲች» ላይ ይቀራል፣ «ኢ፣ አር» ታች ይወርዳል።

5ኛ. አንድ ፊደል ብቻውን አይተውም። «አባውት» ሲነገር ሁለት ክፍል ቢኖረውም በመስመር መጨረሻ አይቆረጥም።

6ኛ. ሃይፈን የምንላት አጭር ጭረት የምትቀመጠው በላይኛው መስመር መጨረሻ እንጂ በታችኛው መጀመሪያ አይደለም።

ደንቡ ሁሉ ግን አንድ ወጥ አይደለም። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ ቃላትን የከፋፈለው አነጋገራቸውን ተከትሎ ነው። እንግሊዞች ደግሞ የቃሉን አመሠራረት ማየት ይወዳሉ። ስለዚህ ዕውቀት ማለት የሆነውን «ኖሌጅ» እንግሊዞቹ በተለምዶ ከ«ደብሊው» በኋላ ሲቆርጡት አሜሪካኖቹ ከ«ኤል» በኋላ ይቆርጡታል። ዳኛው መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላት በእጁ የሌለው ደግሞ ቃሉን ሳይቆርጥ እንዳለ ወደ ታች ያውርደው፤ ባዶ ቦታ ማንንም አያሳስትም።

እኔ በማግስቱ ቃሉን አስተካክዬ ጻፍኩና ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ለክፍሉ ተናገርኩ። ልጅቷ ግን እጇን ያወጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እናንተ ጓደኞቼ ወደ ልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት ሳይቃጠል በቅጠል በሉት። መምህራኖቻችንም የጎደለውን እንዲሞሉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።